ሕፃኑን ለመጠበቅ እናቱን ማቅረብ

አንዲት ነፍሰ ጡር ትጠጣለች፣ ትቅማለች ወይም ሌላ ዕፅ ትወስዳለች ሲባል ከሰሚው አፍ ቶሎ የሚወጣው «ምን ዓይነት እናት ናት?» የሚለው ነው። ቤተሰብም ጎረቤትም ይህንኑ ይላል። አንዳንዴ የጤና ባለሙያውም ይላል፤ በአፉ ባይለው በፊቱ ይለዋል። ሴትየዋ ያንን ፊት አስቀድማ ታውቀዋለችና ከሁሉ የሚቀላት ከክትትል መቅረት ይሆናል። የደም ግፊቷ ሳይለካ፣ የደም ማነሷ ሳይታወቅ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ሳታደርግ ወራቱ ያልፋሉ። ጤና ተቋም የምትደርሰው ምጥ ሲይዛት ነው፤ ያኔም ከደረሰች። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድም ዕፁ ባደረሰበት፣ ሁለተኛም እናቱ በመሸሸጓ። የመጀመሪያውን ጉዳት መቀነስ ሕክምናና ጊዜ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የምናመጣው ግን እኛው፣ በዙሪያዋ ያለነው ነን።

ጉዳት ቅነሳ የሚባለው አሠራር መነሻው ይህ ነው። እናቲቱ ፈጽማ ብትተው ይመርጣል፤ ዛሬ መተው ያቃታትን ግን አያባርርም። ሱስ ማለት ጉዳቱን እያወቁ፣ ለመተው እየፈለጉ፣ መተው ሲያቅት ነው። ለልጇ የማታስብ ሴት ብትሆን ኖሮ ነገሩን አትደብቀውም ነበር። ስለዚህ የምትጠየቀው «ለምን አልተውሽም?» ተብሎ አይደለም፤ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺንም ልጅሽንም የሚያድን ምን ማድረግ እንችላለን?» ተብሎ ነው። መልሱ እንደምትወስደው ነገር ይለያያል። በአገራችን በብዛት የሚያጋጥመው አልኮል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ብዙ ሰው የእንግዴ ልጁ መጥፎውን አስቀርቶ ደጉን ብቻ የሚያሳልፍ ይመስለዋል። አልኮል ግን ያለ ምንም ችግር ያልፋል። እናቲቱ በጠጣች በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በጽንሱ ደም ያለው መጠን በእሷ ደም ካለው ጋር ይቀራረባል። የእሷ ጉበት አልኮሉን ይሰባብረዋል፤ የጽንሱ ጉበት ግን ገና አልጎለመሰምና የሚገላገለው በአመዛኙ ወደ እናቱ ደም መልሶ በመላክ ነው። ከፊሉ ከሽንቱ ጋር ወደ ሽርት ውሃው ይገባል፤ ጽንሱም ያንኑ ውሃ መልሶ ይውጠዋል። እናቲቱ ስካሩ ለቋት ሥራዋን ስትጀምር እሱ ገና ከአልኮሉ አልወጣም።

ይህ ጉዳት በሕክምናው ዓለም ዕውቅና ያገኘው በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ሌሟን የተባለ የናንት ከተማ ፈረንሳዊ ሐኪም ከጠጪ እናቶች የተወለዱ 127 ልጆችን አይቶ ጻፈ፤ ከአገሩ ውጭ የሰማው ጥቂት ነበር። በ1973 ኬነዝ ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ የሲያትል ሐኪሞች ስምንት ልጆች ላይ ተመሳሳይ ምልክት አይተው «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲያወጡት ዓለም አዳመጠ። ከአፍንጫ ሥር ወደ ላይኛው ከንፈር የሚወርደው ሰርጥ ጠፍቷል፤ የላይኛው ከንፈር ስስ ነው፤ የዓይኑ ክፍተት አጭር ነው፤ ራሱ ትንሽ ነው፤ ዕድገቱም ወደኋላ ቀርቷል። ፊታቸው ላይ ምንም የማይታይባቸው ልጆች ግን እነዚህን በቁጥር ይበልጧቸዋል። የእነሱ ችግር ትኩረት ማጣት፣ መርሳት፣ ሒሳብ አልገባ ማለት፣ ትናንት የተቀጡበትን ጥፋት ዛሬ መድገም ነው። ትምህርት ቤት «ሰነፍ» ይባላሉ፣ ቤት «አስቸጋሪ» ይባላሉ፤ ምክንያቱን የሚጠይቅላቸው ጥቂት ነው።

በእርግዝና ወቅት «ይህን ያህል ቢጠጣ ምንም አይልም» የሚባል የተረጋገጠ መጠን የለም። ምክሩም ጨርሶ አለመጠጣት ነው። ይህን ሳነብ ግን ወዲያው የሚታወሱኝ መፀነሳቸውን ሳያውቁ የጠጡ ሴቶች ናቸው። ሠርግ ላይ፣ በዓል ላይ ጠጥተው ከወር በኋላ እርጉዝ መሆናቸውን ሲያውቁ የሚይዛቸው ጭንቀት ቀላል አይደለም። ለእነሱ የሚነገረው እውነት ይህ ነው፦ አንድ ሁለት ቀን የጠጣች ሴት ልጇ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ የጽንሱ አንጎል ዘጠኙንም ወር ስለሚያድግ በአራተኛው ወርም፣ በሰባተኛውም ማቆም ይጠቅማል። «አንዴ ሆኗል» ብሎ መቀጠል ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ስለ መጠጥ የሚጠየቅበት መንገድ ብቻውን መልሱን ይለውጣል። እንዲህ ያለ ንግግር እናስብ። አዋላጇ ካርዱን እየሞላች «መጠጥ ትጠጫለሽ?» ትላለች። «ኧረ እኔ አልጠጣም፣ ሲስተር!» ካርዱ ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፍና ይታለፋል። አዋላጇ ትንሽ ቆማ «ቤት ውስጥ ጠላ ይጠመቃል?» ብላ ብትጠይቅስ? «ይጠመቃል እንጂ፤ ለማኅበሩም፣ ለደቦውም።» «አንቺስ ትቀምሺያለሽ?» «ጠላማ መቼ ይቀራል፤ ከምሳ ጋር ነው።» «በቀን ስንት ጣሳ ይሆናል?» «ሁለት። እርሻ ስንውል ሦስት።» ሴትየዋ አልዋሸችም። ጠላን ከምግብ እንጂ ከመጠጥ ቆጥራው አታውቅም። ጎንደር ላይ ስለ ኮረፌ፣ ሌላው ጋ ስለ ጠጅና ስለ አረቄ በየስሙ ካልተጠየቀ እውነቱ አይወጣም። ጠላ ቀላል ነው ቢባልም ሦስት ጣሳ ሙሉ ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ትንሽ አይደለም። አረቄ ደግሞ ግማሽ ሊጠጋ የሚችለው ንጹሕ አልኮል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሁሉ፣ በየክትትሏ፣ ስለ አልኮልና ስለ ሌላም ዕፅ እንድትጠየቅ ይመክራል። «ሁሉ» የሚለው ላይ ልቆይ። ባለሙያው የሚጠረጥራትን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ድሃዋ ትጠየቃለች፤ መኪና ይዛ የመጣችው ትታለፋለች። የተጠየቀችውም ለምን እኔን ብላ ትሰጋለች። ሁሉም ሲጠየቅ ግን ጥያቄው እንደ ክብደት መለካት የታወቀ ነገር ይሆናል። ከእርግዝናው በፊት ስለነበረው መጀመርም ይረዳል፤ ያለፈውን መናገር ከአሁኑ ይቀላልና። ባል ወይም አማት አጠገቧ ተቀምጠው ከሆነ ደግሞ የሚገኘው መልስ ለእነሱ የተሰጠ መልስ ነው፤ ብቻዋን የምትሆንበት አምስት ደቂቃ መፈለግ አለበት።

መልሱ ከተገኘ በኋላ ረዘም ያለ ተግሣጽ አያስፈልግም። አጭር፣ ያለ ቁጣ የሚደረግ ምክር ለብዙዎች ይበቃል፤ የምትጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደሚገፋፋት፣ ምን ቢቀየር እንደሚቀላት አብሮ ማሰብ ነው። ጠላ እየጠመቀች ወይም አረቄ እያወጣች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ሥራዋን ተዪ ብትባል ነገ የምትበላው የላትም። እንግዳ ፊት ቀድማ መቅመስም ወግ ሆኖባታል። ለዘጠኝ ወር ቀማሽ ሌላ ሰው ይሁን፣ ጉልበት የሚጠይቀውን ሌላ ሰው ይያዝላት፣ እሷ ከደንበኞቹ ጋር ስትቀመጥ ሳያድር የተበጠበጠ ብርዝ ትያዝ ቢባል ግን ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ምክር የሚጠቅመው ከኑሮዋ ጋር ሲሄድ ነው።

አሁን ወደ አንድ አደገኛ ነጥብ ልሻገር፤ ቸር ሰዎች ሳያውቁ የሚሳሳቱበት ነውና። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ሴት «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምሺ» ተብላ ቤት ውስጥ ብትዘጋ ልትሞት ትችላለች። አልኮል የለመደ ሰውነት በድንገት ሲነጠቅ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና መቃዠት ሊከተል ይችላል፤ ይህም እናቲቱንም ጽንሱንም ያሰጋል። እንዲህ ያለችው ሴት ማቆም ያለባት ሆስፒታል ተኝታ፣ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጣት ነው። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የማረጋጊያ ክኒኖችን ለረጅም ጊዜ የወሰደችም እንዲሁ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆረጥም። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አለው። ሩቅ ያለችው ደግሞ በቅርቧ ካለው ሆስፒታል ትጀምር። ጧት ስትነሳ እጇ የሚንቀጠቀጥና ሳትጠጣ የማይቆምላት ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው፤ ጉዳዩ በጸበልም በቁርጠኝነትም ብቻ የሚተው አይደለምና ሐኪሙም ይጨመር።

ጫት ሌላ ነው። ጫትና ሲጋራ በድንገት ቢቆሙ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር አያመጡም። ሐራራው ድካም፣ መነጫነጭ፣ ድብርት፣ ብዙ መተኛት፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ነው፤ ቢከብድም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይቀልላል። እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ደም ሥርን ያጠባል፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። በእርግዝና ወቅት ከሚያሳስቡን ነገሮች አንዱ የደም ግፊት በመሆኑ የምትቅም ሴት ግፊቷ በየክትትሉ በጥንቃቄ መለካት አለበት። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ በውስጡ ያለው ታኒን ደግሞ ከምግብ የሚገኘው ብረት ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ያስቸግራል። የመንና ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ጫትን ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር አያይዘውታል። ስለዚህ ዛሬውኑ መተው ያልቻለች ሴት ቢያንስ ሳትበላ አትቃም፤ የብረት ክኒኗን ከቅሚያው ሰዓት አርቃ ትውሰድ፤ የምትገዛውን እስር ታሳንስ፤ የቀናቱን ልዩነት ታስፋ።

ከጫት ጋር ከሚመጡ ችግሮች ውስጥ ትልቁን የሚያመጣው ግን ቅጠሉን ተከትሎ የሚመጣው ነው። ምርቃናውን ለመስበር፣ እንቅልፍ ለማግኘት ጨብሲ ይገባል፤ ቢራው ወይም አረቄው የሚጠጣው ያኔ ነው። ሲጋራውና ሺሻውም ከዚያው ክፍል አይጠፉም። «እኔ ጫት ብቻ ነኝ» የምትል ሴት ስለ ማታው ካልተጠየቀች ጽንሱን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው አልኮል ሳይጠቀስ ይቀራል። በሐረርጌም ይሁን በባሕር ዳር ጫት የጨዋታ፣ የሥራና የጸሎት ጓደኛ ስለሆነ «ተዪው» ሲባል አብሮ የሚቀረው ማኅበራዊ ኑሮም ነው፤ ይህንን ያላሰበ ምክር ብዙ ርቀት አይሄድም።

እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያሉትን በሚያጠቃልሉት ኦፒዮይዶች ላይ የተገኘው ዕውቀት ደግሞ ሰፊ ነው፤ በአመዛኙ የተገኘውም ሄሮይንና የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ብዙ ሰው ከገደሉባቸው ከአሜሪካና ከካናዳ ነው። ለእኛም አይርቅም። ትራማዶል ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆችም ከዚህ መከራ አልተረፉም። ሄሮይን የለመደች ነፍሰ ጡር በቀን ብዙ ጊዜ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ጽንሱም አብሯት ይወጣል፣ ይወርዳል። ጨርሳ ብታቆም የማቆሙ ስቃይ እሷን ያንገላታታል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ማገርሸቱ ነው። ሳምንታት ከቆየች በኋላ ሰውነቷ የቀድሞውን መጠን መሸከም ስለማይችል ያንኑ ስትወስድ ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መመሪያዎቹ የሚመክሩት በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን እንድትቆይ ነው። እነዚህም ኦፒዮይዶች ናቸው፤ ግን ቀስ ብለው ገብተው ረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ የሚያሰክር ከፍታም የሚያሰቃይ ዝቅታም አያመጡም። ሴትየዋ መርፌ ፍለጋ መሮጧ ይቆማል፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ክትትሏን ትከታተላለች። በመጨረሻዎቹ ወራት ሰውነቷ መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያስወግደው መጠኑ ከፍ ሊልላት ወይም በቀን ሁለት ጊዜ ሊከፈልላት ይችላል። ብዙ እናቶች «ለልጄ ስል ላሳንስ» ይላሉ፤ ልብ የሚነካ ሐሳብ ነው፣ ግን መጠኑን ማሳነስ ሕፃኑ ሲወለድ የሚገጥመውን ሕመም እንደሚያቀልለት የተረጋገጠ ነገር የለም፤ እሷን ግን ወደ ሄሮይኑ ሊመልሳት ይችላል።

በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ያለውን ልዩነት ያሳየው በ2010 የወጣውና ሄንድሬ ጆንስ የመራችው ጥናት ነው። እናቶቻቸው ቡፕረኖርፊን የወሰዱ ሕፃናት ከልደት በኋላ ለሚገጥማቸው ሕመም ያስፈለጋቸው ሞርፊን በአማካይ 1.1 ሚሊ ግራም ሲሆን የሜታዶኖቹ 10.4 ነበር፤ የሆስፒታል ቆይታቸውም 10 ቀን ከ17.5 ቀን። በሌላ በኩል ቡፕረኖርፊን የጀመሩ ብዙ ሴቶች ከጥናቱ ወጥተዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ለእናቲቱ የሚስማማትና የምትቆይበት መድኃኒት ለሕፃኑም ይሻለዋል የሚለውን ነው።

ሕፃኑ ሲወለድ ምን ይሆናል? እትብቱ ሲቆረጥ የለመደው መድኃኒት ይቋረጥበታል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ፣ ቀጭንና ስለታም ለቅሶ ያሰማል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያዛጋል፣ ያስነጥሳል፤ ጡት ይይዝና ይለቃል፤ ተቅማጥ ያመጣል፤ ገላው ይገተራል። ይህ ሕፃን «ሱሰኛ» አይደለም፤ ሰውነቱ የለመደውን ያጣ ሕፃን ነው፤ ሕመሙም ያልፋል። ለአርባ ዓመታት ያህል ሆስፒታሎች ይህን ሲለኩ የኖሩት ሎሬታ ፊኔጋን በ1975 ባወጣችው የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። ነርሷ በየሦስት አራት ሰዓቱ ከ20 በላይ ምልክቶች ትቆጥራለች፤ ነጥቡ ከተወሰነው ካለፈ ሞርፊን ይጀመራል። ሕፃኑ ብርሃን በበዛበት፣ ማሽን በሚጮህበት የጽኑ ሕክምና ክፍል ይተኛል፤ እናቱ ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ ናት።

በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ያለው የዬል ሕፃናት ሆስፒታል ሐኪም ማቲው ግሮስማንና ባልደረቦቹ ይህን ገለበጡት። ሕፃኑን ወደ እናቱ መለሱት። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ብቻ ሆኑ፦ በደንብ ይጠባል ወይ? ሳይረበሽ አንድ ሰዓት ይተኛል ወይ? ሲያለቅስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይባበላል ወይ? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ቢያስነጥስም ቢንቀጠቀጥም ሞርፊን አይሰጠውም። አንዱ «አይደለም» ከሆነ መጀመሪያ የሚጨመረው መታቀፍ ነው። ክፍሉ ይጨልማል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ሕፃኑ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ራቁቱን ከእናቱ ደረት ላይ ይጋደማል፣ ቶሎ ቶሎ ይጠባል፤ እናቲቱ ስትደክም ሌላ አቃፊ ይመጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ሞርፊን ይሰጣል። በ2017 ባወጡት ዘገባ አማካይ ቆይታው ከ22.4 ቀን ወደ 5.9 ወርዷል፤ ሞርፊን የሚያስፈልጋቸውም ከ98 በመቶ ወደ 14 በመቶ። በ2023 ደግሞ 26 ሆስፒታሎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ሕፃናቱ ከሆስፒታል ለመውጣት የሚደርሱበት ጊዜ ከ14.9 ቀን ወደ 8.2 መውረዱን አሳይቷል።

እኔ በዚህ ውጤት ውስጥ የምደነቅበት መድኃኒቱ ማነሱ ብቻ አይደለም። በቀድሞው አሠራር እናቲቱ ጥፋተኛና ጎብኚ ነበረች፤ በአዲሱ ግን ዋናዋ ሕክምና እሷ ናት። ሕፃኑን ማባበል የቻለች ሴት እኔም እናት መሆን እችላለሁ ብላ ትወጣለች። በካናዳ ቫንኩቨር ያለው ፈር ስኩዌር የተባለ የሆስፒታል ክፍል ከ2003 ጀምሮ እናትና ልጅን በአንድ ክፍል ሲያስተኛ የኖረው ይህንኑ ይዞ ነው። በዚያው ከተማ ሼዌይ የተባለው ማዕከል ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ክትትልን ከትኩስ ምሳ ጋር ያቀርባል። ቤት የሌላት፣ የራባት ሴት ለምሳው ትመጣለች፤ ለደም ግፊቷም ትቆያለች።

የተቃራኒውን መንገድ ውጤትም ዓለም አይቶታል። በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ከ1989 ጀምሮ የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮች ሽንት ሳይፈቅዱ ለኮኬይን እየተመረመረ ውጤቱ ለፖሊስ ይሰጥ ነበር። ሴቶች፣ አብዛኞቹም ድሆችና ጥቁሮች፣ ታሰሩ፤ አንዳንዶቹ ገና ከወለዱ ብዙም ሳይቆዩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ይህን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ፍተሻ አለው። ቴነሲም በ2014 እናቶችን የሚከስ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሴቶች ክትትል መሸሽ ጀመሩ፤ ሕጉም በ2016 ሳይታደስ ቀረ። በ2019 የወጣ፣ ስምንት ክፍለ ግዛቶችን የሸፈነ ጥናት ቅጣት ባለባቸው ቦታዎች የሕፃናቱ ሕመም እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ከፍ ብሎ እንደታየ አመልክቷል። የኮኬይን ልጆች ዕድሜ ልካቸውን የተበላሹ ናቸው የሚለው የ1980ዎቹ ሽብርም ጊዜ አልደገፈውም። የፊላደልፊያዋ ሐኪም ሃላም ኸርት 224 ሕፃናትን ከልደት እስከ ጉርምስና ተከታትላ እናቶቻቸው ኮኬይን የወሰዱና ያልወሰዱ ልጆች ብዙም እንደማይለያዩ፣ ሁለቱንም ወደኋላ ያስቀረው ድህነቱ እንደሆነ አገኘች። ኮኬይን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው እንዲላቀቅ ሊያደርግ ይችላል። ግን ልጁን ገና ሳያድግ «የጠፋ» ብሎ መፈረጅ ሌላ ጉዳት ነው።

ጡት ስለማጥባት የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ነው። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ላይ ተረጋግታ ያለች እናት ማጥባት ትችላለች፤ ወደ ወተቱ የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ማጥባቱም የሕፃኑን ሕመም ያቀልለዋል። ሄሮይን ወይም ኮኬይን እየወሰደች ያለች ግን አታጥባ። ቢራ ወተት ያበዛል የሚባለው ስሕተት ነው፤ አልኮል ወተቱ እንዳይፈስ ያደርጋል፣ ሕፃኑም ያነሰ ይጠባል። የጠጣች እንደሆነ ለአንድ መጠጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ትጠብቅ፤ ማለብ አልኮሉን አያፋጥነውም፣ ከደሟ እስኪወጣ ከወተቱም አይወጣም። ከጫትም የሚመጣ ንጥረ ነገር ወተት ውስጥ ተገኝቷልና ከማጥባት በፊት መቃም ይቅር። ይህን ሁሉ ስናወራ አንድ ነገር በተለይ ልናስረግጥ ይገባል፤ የጠጣች ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደች እናት ሕፃኑን ይዛ በአንድ አልጋ ወይም በሶፋ ላይ አትተኛ። ታፍኖ የሚሞት ሕፃን አለ። አባትም ከጠጣ እንዲሁ ነው።

ሁሉም ሰው እርግዝናውን ይጠብቃል፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ዓመት ግን ለእናቲቱ ይበልጥ አደገኛ ነው። በማሳቹሴትስ ተደርጎ በ2018 የወጣ ጥናት ኦፒዮይድ የለመዱ እናቶች ከመጠን በላይ ወስደው የሚወድቁበት ጊዜ በመጨረሻው የእርግዝና ሦስት ወር ከሁሉ ያነሰ፣ ከወለዱ ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ደግሞ ከሁሉ የበዛ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። በእርግዝናው ጊዜ ሁሉም «ለልጁ ስትል» ይላታል፤ ከወለደች በኋላ ክትትሉ ይቆማል፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ ድብርት ይይዛታል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የመጣው ሰው ገንፎውን በልቶ ይሄዳል። ብዙ ሴቶች የወሊድ ድብርቱን ለመርሳት ነው ወደ መጠጡ የሚመለሱት። ስለዚህ መድኃኒቷ ከወሊድ ጋር መቋረጥ የለበትም፤ ክትትሉም በስድስተኛው ሳምንት አያልቅም። የወሊድ መከላከያም እሷ ፈልጋ ስትጠይቅ እንጂ ሕክምና ለማግኘት እንደ ቅድመ ሁኔታ አይቀርብ።

በእኛ ቤት አንድ ቀን ተለይቶ መታሰብ ያለበት ነው፤ የክርስትናው ቀን። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቤቱ በጠላና በጠጅ ይሞላል፤ ጠማቂዋ ብዙ ጊዜ አራሷ ራሷ ወይም እናቷ ናት። ወራት ታግሣ የቆየች ሴት ያን ቀን «አንድ ጠጪ እንጂ፣ ደስታ ነው» እየተባለች ትዞራለች። ቤተሰቡ ቀድሞ ቢስማማ ይቻላል፤ ድግሱ በሌላ ቤት ይዘጋጅ፣ ለእሷ የተለየ ብርዝ ይኑር፣ አንድ እኅት ከአጠገቧ አትለይ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ እናቶች ሁለት የተለዩ ነገሮች አሉ። በ2016 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ በዕፅ የተነካ ሕፃን ሲወለድ ለሕፃኑና ለአሳዳጊው «ፕላን ኦፍ ሴፍ ኬር» የተባለ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲዘጋጅ ያዛል። ሆስፒታሉ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ማሳወቁ ብቻውን የልጅ በደል ክስ አይደለም፤ ግን አፈጻጸሙ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ስለዚህ ዕቅዱን ከወሊድ በፊት ከሐኪሟ ጋር ማዘጋጀት፣ ሕክምና ላይ እንዳለች የሚገልጽ ደብዳቤ በእጇ መያዝ በጣም ይጠቅማል። ሁለተኛው ትርጉም ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ከተማው ትንሽ፣ ሐበሻው የሚተዋወቅ ከሆነ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው መጠየቅ ትችላለች። ባልን ወይም ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ሱስ ማውራት እውነቱን መደበቅ ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ በወረቀት ላይ የሚሰፍሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ብታገረሽ መጀመሪያ የምትደውልለት ሰው ማን ነው? ያን ሌሊት ከሕፃኑ ጋር የሚያድረው ማን ነው? ቀጣዩ የመድኃኒት ቀኗ መቼ ነው? ኦፒዮይድ ባለበት ቤት፣ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የሚያከሽፈው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት የት ተቀምጧል፣ አጠቃቀሙንስ ከእሷ ሌላ ማን ተምሯል? ትንፋሿ ቢቆም ናሎክሶኑን የሚረጭላት እሷ ራሷ አይደለችምና፣ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ባል፣ እናት ወይም አብሯት የምትኖር ጓደኛ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ መመለስ አለባቸው።